በልክ የተገዛች ላም

ልብስ ሰፊዋ ላም ልትገዛ ስትሄድ ሜትሯን ከአንገቷ አላወረደችም። ሻጩ፣ ጡረታ የወጣ መካኒክ፣ ጥርስ የሚያይ ገዢ ያውቃል፤ ጡት የሚዳብስም ያውቃል። የላም ጎን በሜትር የሚለካ ግን አይቶ አያውቅምና ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። እሷ እቴ፣ ሳቀ አልሳቀ ግድም አልሰጣት። በቤቷና በጎረቤት ግንብ መሀል ያለውን መተላለፊያ ለክታ ነው የመጣችው። ወደ ጓሮዋ ላም የሚያስገባ ሌላ መንገድ የለም።

ጓሮው የአባቷ ነው፤ ከሣር በቀር ነገር አያውቅም። ባሏ ደግሞ ሲሚንቶ አስደርጌ መኪና ማቆሚያ ላድርገው ማለት ከጀመረ ቆይቷል። ይሄን ሰው ሰፈሩ «ኮሚቴው» ይለዋል፤ ካልሲ ለመግዛት እንኳ ጎረቤት ያማክራላ! ላም አስገባበታለሁ ስትለው ወዳጆቹን ሰብስቦ ተመካከረና ውሳኔውን አሳወቃት፦ አንዲት ላም ብቻ፤ ክረምቱ ሲወጣ ጓሮው በኮቴዋ ቦክቶ ጭቃ ሆኖ ከተገኘ ግን ሲሚንቶው ይፈሳል። የአባቷ ሣር በአንዲት ላም እግር ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው።

እነዚያው ወዳጆቹ ግዙፉን፣ ወተቱ የሚንዠቀዠቀውን ዝርያ ግዢ አሏት። በዚያ ለስላሳ አፈር ላይ! ምክራቸውን እዚያው ይያዙት። እሷ የፈለገችው ቁመታቸው ከሰው ወገብ እምብዛም የማያልፈውን፣ ተመናምነው ጥቂት ብቻ የቀሩትን ድንክዬዎች ነው። እግራቸው ይቀላል፣ ሆዳቸው ያንሳል፣ ወተታቸው ለአንድ ቤት ይበቃል። ለካች፣ አሰበች፣ ዳልቻዋን መረጠች።

መካኒኩ ሳቁን ሲጨርስ አንድ ነገር ነገራት። ይህ ዘር ብቸኝነት አይወድም፤ ከእህቷ ጋር ብትወስጃት ይሻላል አላት። ልብስ ሰፊዋ ነገሩን ዋጥ አደረገችው። ለአንዷ ያ ሁሉ ስብሰባ ተደርጎ ሁለተኛዋን ማን ደፍሮ ያነሣል?

ቤቷ ስትደርስ ደሟ ፈላ። ክረምቱን እንኳ ሳይጠብቅ ባሏ መተላለፊያውን በሲሚንቶ ከረጢት ሞልቶታል። ላሚቱ ክምሩ ድረስ ሄዳ ቆመች፤ ወደፊት መንገድ የለም፣ ወደ ኋላ እሷ እምቢ አለች። ከዚያ እምቧ አለች፣ ሆድ በሚያባባ ድምፅ።

ኮሚቴው በጓሮ በር ብቅ አለ።

«ላሚቱን ለክቼ ነው የገዛኋት» አለችው ልብስ ሰፊዋ። «ሲሚንቶህን አልለካሁም።»

ባልየው ላሚቱን አየ፤ ላሚቱም አየችው። እንግዲህ ምን ነክቶት እንደሆነ እንጃ፣ ማንንም ሳያማክር እጅጌውን ሰበሰበና ከረጢቶቹን እየተሸከመ ወደ ጓሮ ያስገባ ጀመር። ቦታ በተለቀቀላት ቁጥር ላሚቱ አንድ እርምጃ ትከተለዋለች።

ጓሮ ገብታ ሣሩን ስትግጥ ሰውየው ቆሞ ኮቴዋን ተመለከተ። እርጥቡ አፈር እምብዛም አልሰረጎደም። እሷ ግን በየመሀሉ ቀና እያለች ትጣራለች። ምን ሆና ነው ሲል ጠየቀ። ልብስ ሰፊዋ መካኒኩ ያለውን አንድም ሳትደብቅ ነገረችው፤ ነግራውም የኮሚቴውን ስብሰባ ልትጠብቅ ልቧን አዘጋጀች።

እሱ ከረጢቱን በጫማው ጫፍ ነካ ነካ አደረገ።

«ሜትሩን ወዲህ በይ» አላት። «አፏ የት ድረስ እንደሚደርስ ልለካ። በዚህ ሲሚንቶ የውሃ ገንዳ እሠራለሁ፣ ለሁለት የሚበቃ። አንቺ ነገ ሄደሽ እህቷን አምጫት።»

ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ሰጠችው።