የአማቼ ቡልኮ

ባሌ ተማም ክፉ ሰው አይደለም። ግን የሰው ዓይን ይገዛዋል። ወላሂ፣ «ሰው ምን ይለኛል» ሲል ነው ዕድሜውን የሚጨርሰው!

አማቼ የልጅ ልጃቸውን ሊያዩ ከስልጤ እኛ ወዳለንበት ደቡብ አፍሪካ፣ ካትሌሆንግ ድረስ የመጡት ብርዱ አጥንት በሚሰብርበት ወር ነው፤ ቡልኳቸውን ለብሰው መጡ። ያንን ቡልኮ ያለበሳቸው ራሱ ተማም ነው። ሱቁ እንደቆመለት አገር ቤት ገብቶ፣ ሽማግሌ ሰብስቦ፣ በሰው ፊት ትከሻቸው ላይ ጣለላቸው። በኛ ዘንድ ልጅ አባቱን ቡልኮ ሲያለብስ «ወልጄ ለወግ ለማዕረግ በቃሁ» ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ አዛውንቱ ያለ ቡልኳቸው ከደጅ ወጥተው አያውቁም።

እዚህም ጠዋት ጠዋት ሱቃችን በር ላይ ተከናንበውት ፀሐይ ይሞቃሉ። አንድ ቀን ጎጎ፣ አያቴ እንደማለት፣ የምንላት የሶቶ አሮጊት ከኛው ሱቅ ዳቦ ገዛች። ወጥታ፣ ጉልበቷን ሸብረክ አድርጋ፣ ዳቦውን ጭናቸው ላይ አኑራ ሄደች። አማቼ ደስ ብሏቸው መረቋት።

ተማም ከሱቁ የብረት ፍርግርግ ውስጥ ሆኖ ሲያይ ፊቱ ልውጥ አለ። ዘሎ ወጣ።

«አባባ፣ ይህን ነገር ያውልቁት! ለማኝ ናቸው ብላ እኮ ነው ዳቦ የሰጠችዎት!»

«ይህ እኮ አንተ ያለበስከኝ ቡልኮ ነው» አሉት፣ ግራ ገብቷቸው።

«ቡልኮነቱ አገር ቤት ነው። እዚህ ብርድ ልብስ ነው!»

ኧረ ምን ዓይነት አፍ ነው! አዛውንቱ ቀና ብለው መንገደኛውን አዩ፤ ጎንበስ ብለው ራሳቸውን አዩ። ከዚያ አውልቀው፣ አጣጥፈው ሰጡኝ። ተማም የራሱን ጃኬት አለበሳቸው፤ እጅጌው ጣታቸውን ዋጠው።

በሳምንቱ ጎጎ ተመልሳ መጣች። አጠገባቸው አልፋ ነው የገባችው፤ በጃኬት አላወቀቻቸውም።

«እኚያ ትልቅ ሰው የት ሄዱ?» አለችው ተማምን። «አገሬ ሌሶቶ፣ አባቴ ልክ እንደዚያ ነበር የሚለብሱት። ሳያቸው አባቴን ያየሁ መሰለኝ፤ ባዶ እጄን ማለፍ ከበደኝ።»

ተማም መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ሮጦ ቡልኮውን ከቁም ሳጥን አወጣና አባቱ እግር ሥር ተንበረከከ።

«አባባ፣ አፉ ይበሉኝ። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት፣ ሴትየዋ አክብራዎት ነው! ይልበሱት፣ በአላህ!» እንባው ይወርዳል። እኔም አለቀስኩ፤ ተናድጄበትም አሳዘነኝ።

አማቼ ራሱን ዳበሱት። ቂም የሚባል አያውቁም። ቡልኮውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው፣ ጫፉን በጣታቸው እያሻሹ ብዙ አዩት።

«አፉ ብዬሃለሁ ልጄ» አሉት። «ግን መልሰህ አስቀምጠው። አሁን እኔም ሳየው ብርድ ልብስ ነው።»