ከደፉ ወዲያ

«ምላጩን አምጪው» አለች ወርቅዬ።

ፍቅርአዲስ ቀና አላለችም። የአባቷን ጥቁር ኮት ጭኗ ላይ ዘርግታ ገበሩን ትተረትራለች፤ የክር ቁርጥራጭ እግሯ ሥር ተከምሯል። አባቷ ባምላኩ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ለዓመት በዓል ብቻ የሚለብሰውን ይህን ኮት በገዛ እጁ ነው የሰፋው። ማክሰኞ ተቀበረ፤ ዛሬ ሐሙስ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ልጁ ደግሞ ከቀብሩ ወዲህ ዓይኗን አልከደነችም።

«እዚያ ውስጥ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«ስሜን። ሰፍተውበታል። ከዚህ ውስጥ ሆነው ነው'ኮ የሚጠሩኝ፣ እምዬ።»

ወርቅዬ ይህን ቃል ታውቀዋለች። አምና ኅዳር ላይ፣ አሥራ ስድስት ዓመት ሊሞላት ሲል፣ ልጅቱ የዩኒፎርሟን ስፌት አንድ ባንድ ፈትታ ከትምህርት ቤት የቀረችው ይህንኑ እያለች ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን «ዳነች» ተብሎ ነበር። ዳነች ያለችውም ራሷ ወርቅዬ ናት፤ ጸበሉ ላይ፣ ሕዝብ ፊት ቆማ፣ ሰዉን እልል አስብላ።

በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተ። ከእስቴ ለቀብር የመጣችው የባምላኩ ታላቅ እህት ብዙነሽ ናት። ብዙነሽ ለቅሶ ቤት ስትገባ ሙሾዋ ከእግሯ ይቀድማል፤ ምላሷ ደግሞ ከሙሾዋ።

«ይኸውልሽ!» አለች ኮቱን እያየች። «ወንድሜን የበላችው ይቺው ናት። እዚያው ማሽኑ ላይ ልቡ ቀጥ ያለው በሷ ጭንቀት ነው። ነገ ድንኳኑ ሲነሣ ይዣት እሄዳለሁ። እኛ ዘንድ ጸበሉ አጠገብ ግንድ አለ፤ የያዛት እስኪለቃት ታስራ ትጠመቃለች።»

«እት ብዙነሽ፣ ይተዉኝ። ልጄን በሰንሰለት አላሳስርም።»

«አሁን ነው ልጄ ማለት? ዳነች ብለሽም መስክረሻል አሉ! ለባልሽ እንኳ ጠብታ እንባ የሌለሽ ሴት!»

የመጨረሻው እውነት ነው። ወርቅዬ አላለቀሰችም። ድንኳኑ ውስጥ ንፍሮ እየዘገኑ የሚንሾካሾኩት ሴቶች «ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም» ሲሉ በጆሮዋ ሰምታለች። እንድትሰማቸውም ነው የሚሉት። ለቅሶ ቤት የሚመጣ ሁሉ ለማጽናናት አይመጣም፤ ግማሹ የሚመጣው ማን አለቀሰ፣ ማን በላ ብሎ ሊታዘብ ነው። የወርቅዬን እንባ ያደረቀው ግን ንዴት ነበር። የተናደደችውም በሟቹ ላይ ነው።

አምና ልጅቱን ሐኪም ቤት የወሰዳት እሱ ነው። ሐኪሙ ወጣት ነበር፤ ቀስ ብሎ ጠየቀ፣ ቀስ ብሎ ጻፈ። «በጊዜ ነው ያመጣችኋት» አለ። «የበሽታውን ስም እርግጠኛ ሆኜ ለመናገር ጥቂት ወራት ልከታተላት ይገባል። መድኃኒቱ ግን ዛሬውኑ ቢጀመር ይሻላል።» ባምላኩ ወረቀቱን በሁለት እጁ ተቀበለ፤ ወርቅዬ ከእጁ ነጠቀችው። የአእምሮ በሽተኛ የሚል ስም አንዴ ከተለጠፈባት ማን ያገባታል? ኪኒኑንም ቢሆን ታውቀዋለች። ወንድሟ ዓለምነው ኪኒን ከጀመረ በኋላ ለሃጩን እያዝረከረከ፣ ግድግዳ ተደግፎ፣ ስድስት ዓመት ኖሮ ነው የሞተው።

«የሱ ጊዜ ሌላ ነው» አላት ባምላኩ እቤት ሲገቡ። «ካልተስማማት እንዲቀይርላት ሐኪሙን እንጠይቀዋለን። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፣ ወርቅዬ።»

«ተረትህን ለደንበኞችህ! ኪኒን የዚህን ቤት ደፍ ቢሻገር፣ ማርያምን፣ ሬሳህ ላይ አንዲት እንባ አላወርድም!»

እሱ ከዚያን ቀን ጀምሮ ማለዳ ማለዳ ልጁን ጸበል ያደርሳታል፤ ከጸበል መልስ ሱቁ ውስጥ ጥቂት ታርፍና ተመልሳ ትመጣለች። ሁለት ወር ሳይሞላ ልጅቱ እንቅልፍ ተኛች፣ በላች፣ ሳቀች። ትምህርቷንም ጀመረች። ወርቅዬ ስትመሰክር ባምላኩ «ተመስገን» ብሎ ዞር አለ እንጂ ከዚያ ሌላ ቃል አልወጣውም። መሸነፉ አንገብግቦት ያኮረፋት መሰላት፤ እሷም አኮረፈችው። አሥር ወር ሙሉ «እህል አቅርቢ»፣ «ደህና ዋልሽ» ብቻ ሆኑ። እንደተኳረፉ ሞተባት፤ ይቅር ያላለችው ይህንን ነው።

«ወርቅዬ አለች?» የሚል የወንድ ድምፅ ከደጅ ተሰማ።

የሱፍ ነው። ከባምላኩ ጋር አንድ ሱቅ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው አሥራ ሁለት ዓመት ሰፍተዋል። እነዚህን ቀናት ሁሉ ድንኳኑ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ውሏል፤ ወርቅዬን ለብቻዋ ሊያገኛት ፈልጎ ሴቶቹ አላሳልፍ ብለውት ነበር። ስትወጣ ደጃፉ ላይ ቆሟል። ባምላኩ የሸሚዝ ቁልፍ የሚያስቀምጥበትን ቆርቆሮ ይዟል።

«ግባ እንጂ» አለችው።

«አልገባም። ይህን ይዤ ደፉን እንዳልሻገር አደራ አለብኝ።»

ክዳኑን ከፈተው። በቁልፎቹ መሐል የታሸጉ ኪኒኖች ነበሩ፤ ከሥራቸው የታጠፈ ወረቀት።

ወርቅዬ አየች፤ ገባት። ፊቷ ቀላ። «ከመቼ ጀምሮ?»

«እናንተ ከተጣላችሁበት ሳምንት ጀምሮ። ልጅቱም ታውቃለች፤ ላትናገር ምላለት ነው። ጸበሉን አንድ ቀን አላስቀረባትም፣ ወርቅዬ። መጀመሪያ ጸበል፣ ቀጥሎ ሱቅ መጥታ ቁርስ ትበላለች፣ ኪኒኗን ትውጣለች። አፏን አስከፍቶ ምላሷ ሥር ያይና «ጎበዝ» ይላታል። በየወሩ ሐኪሙ ጋ የሚወስዳትም እሱ ነበር። እኔ «ለሚስትህ ንገራት» ብለው፣ «ደፉን አላሻግረውም፤ የሷም መሐላ አይፈርስም፣ ልጄም አትጠፋብኝም» ይለኛል።»

«እና እኔ ሕዝብ ፊት ቆሜ ስመሰክር ሁለታችሁ ትስቁብኝ ነበር?»

«አልሳቅንም። ያን ቀን ማሽኑ ላይ ተደፍቶ አለቀሰ።»

ወርቅዬ ልትሰድበው ፈለገች፤ ሟቹንም ጭምር። ዓመት ሙሉ እንደ ሞኝ ያኖራት፣ በማታውቀው ያስመሰከራት፣ አሁን ደግሞ ጥሏት የሄደ ሰው! ወረቀቱን ገለጠችው። በእርሳስ ለየቀኑ አንድ አንድ ሰረዝ ተሰምሯል፤ ባምላኩ በሞተበት በሰኞ ያበቃል።

«ቀብሩ ላይ ሳያት ነው መድኃኒቷን የሚሰጣት ሰው እንደሌለ የገባኝ» አለ የሱፍ። «ዛሬ ደግሞ ሊያስሯት ነው ሲሉ ሰማሁ። ሐኪሙ ጋ ደወልኩ። የዛሬዋን አንዷን ስጧት፣ ያመለጣትን ግን አትደራርቡ፣ ነገ ጠዋት ይዛችኋት ኑ ብሏል።»

ብዙነሽ ከኋላ ደርሳ ነበር፤ ድንኳን ውስጥ የነበሩትም ሴቶች አንገታቸውን እያሰገጉ ተጠጉ።

«እስላም ባመጣው ኪኒን ልትመርዣት ነው?»

«ባምላኩ የገዛውን ነው የምሰጣት፣ እት ብዙነሽ።»

«ያ ሁሉ ምስክርነትሽስ? ጸበሉን ልታዋርጂ?»

ሴቶቹ የወርቅዬን አፍ ይጠብቃሉ። ነገ ይህ ወሬ ገበያውን ሁሉ እንደሚያዳርስ ታውቃለች። ዋሽታ መሰከረች ይባላል፤ ልጇ ኪኒን ትውጣለች ይባላል፤ የፈራችው ስም በአንድ ቀን ውስጥ ልጇ ላይ ይለጠፋል። ዓለምነውም ትዝ አላት፤ ግድግዳው፣ ለሃጩ። ግን ይህቺው ልጅ ይህንኑ ኪኒን እየዋጠች አሥር ወር ስትስቅ ከርማለች። ከውስጥ ምላጩ ጨርቁን ሲቀድ ይሰማል።

«ጸበሉንም ትጠመቃለች፣ ይህንንም ትውጣለች» አለች። «መሐላው የኔ ነው። ኃጢአቱም የኔ ይሁን።»

ቆርቆሮውን ከየሱፍ እጅ ወሰደች። ደፉ ጋ ስትደርስ እግሯ ትንሽ ቆመ፤ ከዚያ ተሻገረችው።

ፍቅርአዲስ የኮቱን ግማሽ ገበር ፈትታ ጨርሳለች። ወርቅዬ አጠገቧ ቁጭ ብላ አንዲት ኪኒን መዳፏ ላይ አደረገችላት፤ ውኃ ቀዳችላት። ልጅቱ ኪኒኑን አየች፣ ቆርቆሮውን አየች፣ እናቷን አየች።

«አባባ ነገረሽ?»

«አዎ፣ ነገረኝ» አለች ወርቅዬ።

ልጅቱ ምላጩን አስቀመጠች። ዋጠች፤ ውኃውን ጨለጠች። ከዚያ አንገቷን ቀና አድርጋ አፏን ከፈተች፤ ምላሷን ወደ ላይ አነሣች።

ወርቅዬ ጎንበስ ብላ አየች። ምንም የለም። ባሏ ዓመት ሙሉ፣ ማለዳ ማለዳ፣ ከሷ ተደብቆ ያየው ይህንን ነው። እንባዋ ያን ጊዜ መጣ፤ ኪኒኑ ደፉን ከተሻገረ በኋላ፣ መሐላዋን አፍርሶ። ደረቷ እስኪናጥ አለቀሰች።

ልጅቱ ግን አፏን እንደከፈተች ናት፤ ምላሷን እንዳነሣች፣ ዓይኗን እናቷ ላይ ተክላ ትጠብቃለች።

«ጎበዝ» አለች ወርቅዬ።

ፍቅርአዲስ አፏን ገጠመች።