ሥጋ ያልነካው ማሽን

የሰደበኝ ባለሱቁ በእውቀቱ ነው። ዓምና፣ በኅዳር ሚካኤል ማግስት፣ በወልደጻድቅ እናት ለቅሶ ድንኳን ውስጥ። ዓሣ አራግፌ በቀጥታ ነበር የሄድኩት። እጄን በሎሚ ታጥቤአለሁ፣ ጃኬቴንም ቀይሬአለሁ። ገና ጎንበስ ብዬ «እግዜር ያጥናችሁ» ሳልል፣ በእውቀቱ ከተቀመጠበት ሳይነሳ፣ «ግዛቸው ሊመጣ ነው ብያችሁ ነበር፤ ሽታው ቀድሞት ደርሷል» አለ። ሰው ሳቀ። በለቅሶ ድንኳን ሰው ሳቀ። ወልደጻድቅ ራሱ፣ እናቱ የሞተችበት ሰውዬ፣ ጋቢውን ወደ አፉ ሲያስጠጋ በዓይኔ አይቼዋለሁ።

ሰው ያንን ረስቶታል። ሰው የራሱን እንጂ የሌላውን ቁስል አያስታውስም። የእኔና የበእውቀቱ ነገር ግን የዛሬ አይደለም። አንድ ክፍል ነው የተማርነው። እኔ ከሰባተኛ ክፍል ወጥቼ ኢተያ የሰው ስንዴ ስሸከም እሱ ትምህርቱን ቀጠለ። በኋላም አሰላ ላይ የሆቴልና የወጥ ቤት ዕቃ ሱቅ ሲከፍት የሰፈሩን ሰው ሁሉ በግ አርዶ ጠርቷል። እኔን ዘሎኛል። ቤቴ ከሱቁ በላይ ነው፤ የጥብሱ ሽታ እስከ ደጄ መጥቷል። ያን ቀን ስለ ሽታ የተናገረ ሰው አልነበረም።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ።

እኔና ቱሳ ከዝዋይ ዓሣ እያመጣን አሰላ የምንሸጥ ሽርኮች ነን። ቱሳ የሳጉሬ ልጅ ነው፣ እስላም ነው፣ ከወንድሞቹ ጋር ገብስ ሲያርስ ኖሮ መሬቱ አልበቃ ብሏቸው ወደ ከተማ የመጣ። ብዙ አይናገርም። ደንበኞች አሉን፤ ነገር ግን እውነቱን ለመናገር የሚያኖረን አንድ ቤት ነው፤ የአዴ ሰኪና ምግብ ቤት።

አዴ ሰኪና፣ «አዴ» በኦሮምኛ እናት እንደማለት ነው፣ ትልቅ ሴት ናቸው። ከመናኸሪያው በላይ ባለው ቤታቸው እስላሙም ክርስቲያኑም ጎን ለጎን ተቀምጦ ይበላል። እንዴት ቢሉ፣ ሥጋ የሚባል ነገር አይሠራበትም። ሥጋ ካለ «ማን አረደው» ይመጣል፤ «ማን አረደው» ከመጣ ደግሞ ግማሹ ሰው ይነሳል። ዓሣ ግን አራጅ የለውም። ቢስሚላሂም በስመ አብም ሳይባልበት ከውኃ ወጥቶ ይሞታል፤ ሁሉም ይበላዋል። በጾም ጊዜማ ዓሣ እበላለሁ የሚለው ክርስቲያን እዚያ ነው የሚሰለፈው።

ዘንድሮ የነቢያት ጾም ሊገባ ሲል አዴ ሰኪና ሁለታችንንም ጠሩን።

«ልጆቼ» አሉ፣ «ዓሣችሁ ሲደርሰኝ እየለሰለሰ ነው። በረዶው መንገድ ላይ ይሟሟል። አዳማ ያለው ሰውዬ ደግሞ አየሩን አስወጥቼ፣ አሽጌ ላምጣልሽ እያለ ይደውላል።»

«እኛም እናሽጋለን» አለ ቱሳ።

«በምን?»

«በማሽን። እንገዛለን።»

አዴ ሰኪና አዩን። «ጾሙ ሲገባ ይዛችሁልኝ ከመጣችሁ ከእናንተ ጋር ነኝ። ካልሆነ አትቀየሙኝ። አንድ ነገር ግን ስሙኝ፤ ሥጋ ያልነካው ማሽን ይሁን። ፍስክ ከነካው ጿሚው ይሸሸኛል፤ የክርስቲያን ሥጋ ከነካው ደግሞ የኛ ሰው ይሸሸኛል። እኔ ቤት የሚገባው ሰው በእምነት ነው የሚገባው።»

ይኼ ነው ነገሩ። ማሽኑ ካለ አዴ ሰኪና አሉ። አዴ ሰኪና ከሌሉ ቱሳ ወደ ገብሱ፣ እኔ ወደ ሰው ኩንታል። ትከሻዬ ደግሞ እንደ ድሮው አይደለም።

አሰላ ውስጥ ይህን ማሽን የሚሸጠው አንድ ሰው ነው። ማን እንደሆነ ገብቷችኋል።

«አዲስ አበባ እንሂድ» አልኩት ቱሳን።

«ጾሙ ከነገ ወዲያ ነው። መቼ ሄደን መቼ ልንመለስ ነው?» አለ። «አንተ ዝም በል። እኔ እናገረዋለሁ።»

የቅበላው ዋዜማ ዕለት ሄድን። በእውቀቱ ከመደርደሪያው ጀርባ ተቀምጦ ጥርሱን በስንጥር ይጎረጉራል። አንዲት ሴት ማንቆርቆሪያ እያገላበጠች ታያለች።

«እንኳን ደኅና መጣህ ቱሳ» አለ። ለእኔ ራሱን ነቀነቀ፣ ያውም ግማሹን። «ግዛቸው አለ?»

ፊቱ ቆሜ «አለ?» ይለኛል።

ቱሳ የመጣንበትን ነገረው። በእውቀቱ ሁለት ማሽን አሳየን። አንደኛው ቀጭን ነው፤ የፌስታሉን አፍ ብቻ ነክሶ አየሩን የሚመጥጥ። ርካሽም ቀላልም ነው፤ ዓይኔን ወዲያው ጣልኩበት። ቱሳ ግን፣ «እርጥብ ነገር ይችላል?» አለው። በእውቀቱ መወልወያ ጨርቅ በውኃ ነክሮ ፌስታል ውስጥ ከተተና አፉን ለማሽኑ አስነከሰው። ማሽኑ መምጠጥ ሲጀምር ውኃው በፌስታሉ ላይ ሽቅብ እየወጣ መጣ፣ ማሽኑ እንደሚያስል ሰው ንፍ ንፍ አለና ቆመ። አፉ አልተጣበቀም።

«ይኼ ለበርበሬና ለሽሮ ነው» አለ በእውቀቱ። «ለእናንተ ያኛው ነው።»

ያኛው ከባድ ነው፤ ሳጥን ሆኖ ወፍራም፣ መስታወት የመሰለ ክዳን አለው። ፌስታሉ ከነዓሣው ሳጥኑ ውስጥ ይተኛል፤ አፉ በአንድ ብረት ላይ ይነጠፋል፤ ክዳኑ ሲገጠም የሳጥኑ አየር በሙሉ ከታች ባለች ቀዳዳ ይወጣል፣ ከዚያ ብረቱ ግሎ አፉን ያጣብቃል። በከተማው ያለው ያ አንድ ብቻ ነው። አዲስ ነው፤ ላስቲኩ ገና አልተላጠም።

«ግዛቸው፣ ይኼ እኮ ሽታውንም ነው የሚያሽገው» አለ በእውቀቱ። «ሰው ሁለተኛ መምጣትህን የሚያውቀው ሲያይህ ነው።»

ማንቆርቆሪያ የያዘችው ሴት ሳቀች። ቱሳ አልሳቀም፤ ጎንበስ ብሎ ቀዳዳዋን እያየ ነበር።

«ይኼን እንወስዳለን» አለ ቱሳ። «ግን በራሳችን ዓሣ እንሞክረው። ከዝዋይ የተጫነው መናኸሪያ ደርሷል፣ ላምጣው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «አንተ ከማሽኑ አትራቅ።»

ወጣ። እኔ ከማሽኑ አልራቅሁም። ይህን ማንም መመስከር ይችላል።

በእውቀቱ ጥቂት ቆየና ወደ ጓዳው ገባ። ሲመለስ ጣባ ይዟል። ጣባው ውስጥ ጠቆር ያለ፣ ደሙ ያልደረቀ ሥጋ አለ።

«ድኩላ ነው» አለ። የእህቱ ባል ከተራራው ወገን በፈቃድ የሚያድኑ ፈረንጆችን ይመራል። ፈረንጆቹ ቀንዱንና ቆዳውን ይወስዳሉ፤ ሥጋው ለአገሬው ይቀራል። «ትናንት ላከልኝ። ከነገ ወዲያ ጾም ነው፤ ማን ይበላዋል? አየሩ ከወጣለት ግን እስከ ገና ይጠብቀኛል። እስከዚያው በዚህ ልሞክርላችሁ።»

እስኪ ልብ በሉ። የራሱን ሥጋ ለራሱ የገና በዓል ሊያሽግ ነው፣ በእኛ ማሽን። ግን ገና አልከፈልንም፤ የእኛ ማሽን ልለው እንዴት እችላለሁ?

«ዓሣው ይምጣ» አልኩ።

«ምን አልክ?»

«ቱሳ ዓሣውን እያመጣ ነው።»

«ቢያመጣስ? ሥጋ ሥጋ ነው፣ ማሽኑ አይመርጥም። ወይስ የኔ ድኩላ ካንተ ዓሣ የባሰ ሸተተህ?»

ሴትዮዋ ማንቆርቆሪያውን አስቀምጣ ቀረብ አለች። ልናገር አፌን ከፈትኩ። አዴ ሰኪና ያሉትን፣ ጿሚውን፣ የቱሳን ወገን፣ ሁሉንም ልነግረው ነበር። ግን በእውቀቱ ፊት ስቆም ነገር አይመጣልኝም፤ ያኔም በክፍል ውስጥ እሱ እጁን ሲያወጣ እኔ የማውቀው ይጠፋኝ ነበር። እስክናገር እሱ ሥጋውን ፌስታል ውስጥ ከቶ፣ ሳጥኑ ውስጥ አስተኝቶ፣ ክዳኑን ገጠመ።

የፌስታሉን አፍ በብረቱ ላይ በደንብ አላነጠፈውም። እኔ አይቻለሁ። ማሽኑ አጓራ፤ ፌስታሉ እንደ ፊኛ ተነፋ፤ ደሙ አረፋ አወጣ፤ ከዚያ በፌስታሉ አፍ ፈስሶ ወደ ቀዳዳዋ ሄደ። ቀዳዳዋ ጠጣችው። ሥጋ ያልነካው ማሽን እዚያው ዓይኔ እያየ ደም ጠጣ።

ይኼኔ መብራት ጠፋ።

ማሽኑ ዝም አለ። ክዳኑ ግን አልከፈት አለ። አየሩ ግማሹ ወጥቶ ስለነበር እንደተነከሰ ቀረ። በእውቀቱ ጎተተው። ቁልፍ ነካካ። መብራት የሌለው ቁልፍ ምን ይሠራል?

«ሥጋ እንዳይገባበት ነበር የተባልነው» አልኩ። አሁን መጣልኝ። ከሆነ በኋላ ሁሌም ይመጣልኛል።

«ማን ነው ያለው?»

«አዴ ሰኪና። እስላሙም ጿሚውም ነው የሚበላው።»

በእውቀቱ ፊቱ ለአንድ አፍታ ተለወጠ። ከዚያ ትከሻውን ነቀነቀ። «ታዲያ ምን ችግር አለው፣ ሥጋውን አውጥተን እንጠርገዋለን። ቱሳ ምን ያውቃል? ብቻ ይኼን ክዳን ያዝልኝ።»

ያዝኩለት። እሱ በአንድ ወገን፣ እኔ በሌላው። ዓመት ሙሉ ሰላምታ ያልተለዋወጥን ሰዎች አንድ ክዳን ይዘን ስንጎትት ሴትዮዋ ቆማ ታየናለች። ቢላዋ አመጣና በጠርዙ ሊያስገባ ሞከረ። ምንም። ድኩላው በመስታወቱ ውስጥ ተኝቶ ከነደሙ ይታያል፤ ሙዚየም ያስቀመጥነው ነው የሚመስለው።

ቱሳ የገባው እንዲህ እንዳለን ነው። የበረዶ ሣጥኑን በትከሻው ይዟል፤ ውኃው በጀርባው ይንጠባጠባል። ሣጥኑን አላወረደውም።

«ምንድን ነው?» አለ።

«ድኩላ ነው» አለ በእውቀቱ። «የዱር ነው፣ ንጹሕ። ሣር እንጂ ሌላ ነገር አይበላም።»

«ማን አረደው?»

«አማቼ። ባርኮ ነው ያረደው፣ ምን ሆነሃል።»

ቱሳ ሣጥኑን ቀስ ብሎ አወረደና ጎንበስ አለ። ቀዳዳዋን በመስታወቱ አሻግሮ ረጅም ጊዜ አያት።

«ደሙ ወደ ውስጥ ገብቷል።»

«ብረት አይደለም እንዴ? ይታጠባል።»

«ላዩ ይታጠባል። የገባበት ሆዱስ?»

«ታዲያ ለአዴ ሰኪና ማን ይነግራቸዋል?»

«እኔ» አለ ቱሳ። «እኔ ራሴ ምሳ የምበላው እሳቸው ቤት ነው።»

ወደ እኔ ዞረ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«ያ ግዛቸው» አለኝ እንደ ኦሮምኛው አጠራር፣ «አንተ እዚህ ነበርክ አይደል?»

«ነበርኩ።»

«እሱን ጠይቀው» አለ በእውቀቱ። «ተው አላለኝም። እዚህች ሴትዮ ፊት ነው፣ ተው የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም።»

ሴትዮዋ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። ዓሣው ይምጣ ብያለሁ። ዓሣው ይምጣ ማለት ተው ማለት አይደለም? ለማን ላስረዳ?

ቱሳ ስልኩን አወጣና በኦሮምኛ ለአዴ ሰኪና ነገራቸው፤ አላሳጠረም፣ አላስረዘመም፣ ስሜንም አላነሳም። ከወዲያ ያለው ድምፃቸው ይሰማል፤ የሚያባብል ነበር እንጂ የሚቆጣ አልነበረም። መጨረሻ ላይ ቱሳ «ኢሺ አዴ፣ ኢሺ» ብሎ ዘጋው።

«ለአዳማው ሰውዬ ይደውላሉ» አለ። «ዛሬ ያመጣነውን ይወስዱልናል። ለጾሙ ግን አይሆንም።»

ቱሳ እኔን ሳይጠብቅ ወጣ፤ አዴ ሰኪና ዘንድ ቀድሞ ሊደርስ ነው መሰለኝ፣ ወይም ከእኔ ጋር መሄድ አልፈለገም። ሣጥኑን ለእኔ ትቶልኛል።

ጎንበስ ብዬ ላነሳው ስል መብራት መጣ። ማሽኑ ጉርምርም አለ፣ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ፣ ክዳኑ ማንም ሳይነካው ብድግ አለ። የድኩላው ሽታ ሱቁን ሞላው፤ ከባድ የዱር ሽታ፣ ደምና እርጥብ ፀጉር። ሴትዮዋ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አደረገች።

በእውቀቱ ተመለከታት። ከዚያ የእኔን ሣጥን፣ ከዚያ እኔን።

«በል እንግዲህ ግዛቸው» አለ፣ «ያንን ዓሣህን ቶሎ አውጣልኝ፤ ሽታው ደንበኛ ጨረሰብኝ።»

ዓሣው ገና በረዶ ውስጥ ነው። ጠዋት ከውኃ የወጣ ቆሮሶ ነው፣ ዓይኑ ያበራል። ከዚያ ድንኳን ጀምሮ ያዘጋጀሁት መልስ አለ፤ በመንገድ ላይ፣ በመኝታዬ፣ በዝዋይ ዳር ቆሜ ስንት ጊዜ ብቻዬን ተለማምጄዋለሁ። ሴትዮዋ ምን እንደምል እየጠበቀች ነው። እሱም እየጠበቀ ነው፤ ስንጥሩን ወደ አፉ መልሷል።

ሣጥኑን ተሸከምኩ። የበረዶው ውኃ በአንገቴ ወረደ። ወጣሁና በቱሳ መንገድ ሽቅብ ሄድኩ።