አባቴ ያቃጠሉት ክታብ

አባቴ መሪጌታ ገብረ ኢየሱስ የድጓ መምህር ናቸው። ጎንደር ውስጥ ከእሳቸው እግር ሥር ያልተማረ ካህን ጥቂት ነው፤ በመንገድ ሲያልፉ ሰው ጉልበታቸውን ይስማል። ይሳም። እኔ ግን ተናድጃለሁ፤ ንዴቴን የምነግረው ሰው ስላጣሁ እዚህ ልጻፈው።

ቤይሩት ሰባት ዓመት የሰው ሽንት ቤት አጥቤአለሁ። የአገሩ ባንኮች «የራሳችሁን ገንዘብ አናወጣላችሁም» ብለው በራቸውን የዘጉ ጊዜ፣ እታች ፎቅ ላይ የምትሠራ ልጅ ደሞዜን በቢትኮይን፣ ባንክ በማይዘው የኢንተርኔት ገንዘብ፣ ማስቀመጥ አስተማረችኝ። ስመለስ ወንድሜ ኃይለ ጊዮርጊስ፣ የኮምፒውተር አስተማሪው፣ አውራ ጣት የምታክል መሣሪያ ገዝቶ የገንዘቡን ቁልፍ እሷ ውስጥ አስገባልኝ። በዚያ ገንዘብ ድብ ባሕር ላይ የእህል ወፍጮ ልተክል ነበር። ቦታውን መርጬ ጨርሻለሁ።

ወንድሜ መሣሪያዋ ብትሰበርም ብትሰረቅም እንዳልደነግጥ ነገረኝና ሃያ አራት የእንግሊዝኛ ቃላት ሰጠኝ። ገንዘቡን የሚመልሱት እነዚያ ናቸው። እንግሊዝኛ ስለማላነብ በእኛ ፊደል ጻፈልኝ። ፎቶ እንዳላነሳቸው፣ ለማንም እንዳላሳይ አስጠነቀቀኝ፤ እሱ ራሱም ቅጂ አላስቀረም። ጥንቁቅ ነዋ! ብልጥ ነኝ ባይዋ እኔ ደግሞ ወረቀቷን በቆዳ አሰፋሁና ክታብ አስመስዬ ራስጌዬ ላይ ሰቀልኳት። ሌባ ሣጥን ይሰብራል እንጂ የሰው ክታብ አይነካም። ለሌባ ሳስብ አባቴን ረሳሁ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ።

ለአባቴ ስለ ገንዘቡ አልነገርናቸውም። ቁማር ነው ብለው እንደሚገዝቱን እናውቃለን።

ሐምሌ ላይ መሣሪያዋን ልከፍት ፈለግሁ። የምስጢር ቁጥሩ ከቤይሩት የተመለስኩበት ቀን ነው፤ በእኛ ይሁን በፈረንጅ አቆጣጠር ግን ጠፋኝ። አንዴ በእኛ ሞከርኩ፣ አንዴ በፈረንጅ፣ አንዴ ቀኑን ከወሩ አስቀድሜ። ሦስት ጊዜ የተሳሳተ ሌባ ነው ተብሎ የተሠራች ናትና መሣሪያዋ ራሷን ባዶ አደረገች። የእኔን ገንዘብ ከእኔ ጠበቀችልኝ! ያም ሆኖ አልደነገጥኩም። ወንድሜም በስልክ ስቆብኝ ቃላቱን ይዤ እንድመጣ ነገረኝ። ራስጌዬን ባይ ክታቡ የለም።

አባቴ አቃጥለውታል። ሰኔ ላይ እንፍራንዝ አክስቴ ዘንድ በሰነበትኩበት ሳምንት አግኝተውት፣ ሰዎች ጠበል ቦታ አውጥተው ከሚጥሉት ክታብ ጋር አንድ ላይ እሳት ውስጥ ከተውታል። ሰውን ከጠንቋይ ደጅ ሲመልሱ የኖሩ መምህር በገዛ ልጃቸው ራስጌ ክታብ ሲያገኙ ምን እንደተሰማቸው እስኪበቃቸው ነገሩኝ።

«ደግሞ የየትኛው ጠንቋይ እጅ ጽሑፍ እንደሆነ ልወቅ ብዬ ፈትቼ አነበብኩት» አሉ። «ትርጉም የሌለው የአጋንንት ስም ነው። ይኸው ሦስት ሳምንት ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎኝ እሰግዳለሁ።»

እኒህ ሰው ድጓን የሚያህል መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር በቃላቸው ይዘዋል። አንዴ ያነበቡት አይጠፋቸውም። ገንዘቤ አባቴ ጭንቅላት ውስጥ ተቀምጧል፣ እሳቸውም ሊያስወጡት እየሰገዱ ነው! ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ቤይሩቱን፣ መሣሪያዋን፣ ወፍጮውን። እንዲነግሩኝ ለመንኳቸው። እምቢ አሉ። በሱባኤ የጣሉትን በአንደበታቸው አይመልሱም። ወንድሜ በስልክ፣ ከጻፋቸው ትዝ ያሉትን ሁለቱን አንስቶ፣ ላደር ማለት መሰላል፣ ኦኒየን ማለት ሽንኩርት እንደሆነ አስረዳቸው። «ሰይጣን በሽንኩርት ስም አይጠራም ያለህ ማነው?» ብለው ስልኩን መለሱልኝ።

ያኔ ጮኽኩባቸው። በሕይወቴ በአባቴ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም፤ ያን ዕለት ግን ጎረቤት እስኪሰማ ጮኽኩ። ቤይሩት የምሠራላት ሴትዮ በረንዳ ላይ እንዴት እንደምትቆልፍብኝ፣ ለእናቴ እንኳ ያልነገርኩትን፣ አፍረጥርጬ ነገርኳቸው።

«እሷ የሁለት ወር ደሞዝ ነው የከለከለችኝ» አልኩ። «እርስዎ ሰባት ዓመቴን።»

አባቴ ጥምጥማቸውን ፈትተው ወንበሩ ላይ አኖሩ። እንዲያ ያለ ነገር በጥምጥም አይነገርም መሰለኝ።

«ወረቀት አምጪ» አሉ። «ኃጢአቱ በእኔ ይሁን።»

ዓይናቸውን ጨፍነው ጀመሩ። ግንባራቸውን ላብ አጠመቀው፤ ከቃል ወደ ቃል ሲሻገሩ ያማትባሉ። እኔ እየተከተልኩ ጻፍኩ። ወፍጮው በጆሮዬ ይጮኽ ጀመር። ዐሥራ ሁለተኛው ላይ አቆሙ።

«ይቀጥሉ አባ።»

«አለቀ።»

«ሃያ አራት ናቸው። ሌላው ዐሥራ ሁለት ጀርባው ላይ ነበር።»

«ጀርባውን አላየሁም» አሉ። «የአጋንንት ስም ገልብጬ ልፈልግ?»

ለወንድሜ ደወልኩለት። አንዱ ብቻ ቢጎድል ሞክሮ ሞክሮ እንደሚያገኘው፣ ዐሥራ ሁለት ከጎደለ ግን ዕድሜ ልኩን ቢሞክር እንደማይደርስበት ነገረኝ። ድምፁ ያለቀሰ ሰው ድምፅ ነበር። በእሱም ተናደድኩ። ለጥንቃቄው ብሎ አንዲት ቅጂ ያላስቀረ!

አባቴ ጥምጥማቸውን ሳይጠመጥሙ ፊቴን ያዩ ነበር። ለእኔ ብለው ነፍሳቸውን ያስያዙ ነው የሚመስላቸው።

«ዐሥራ ሁለቱን ይዘሽ ብትሄጂ ግማሹን አይሰጡሽም?»

«አይሰጡኝም።»

«ምነው? የደከምሽበት አይደለም?» በትራቸውን ፈለጉ፤ ሊነሱ ነው። «ማነው ያዡ? ቤቱን ንገሪኝ። እኔ ያጠፋሁትን እግሩ ላይ ወድቄ እለምነዋለሁ፤ መሪጌታ ለምኖ እምቢ የሚል የለም።»

አንድ ሰው ቢኖረው ኖሮ እኔም አብሬ እወድቅ ነበር።

«ያዥ የለውም አባ» አልኳቸው። «የሚለመን ሰው የለበትም።»