ቋንቋው ያልታወቀ ደብተር

ሙራድ የኢቃማውን፣ የሳዑዲ መኖሪያ ፈቃዱን፣ ኮፒ የሰጠኝ ቀን የለመነኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «መንገድ ላይ ሹርጣ ከያዘህ አሳየው። ግን የትም ቦታ እንዳታስጽፈው። ወረቀት ላይ ከሰፈረ የምጠፋው እኔ ነኝ» አለኝ። ወላሂ ብዬ ማልኩለት። መማል ለእኔ ድሮም ቀላል ነው።

ሙራድ የታላቅ እህቴ የራሕመት ባል ነው። መካ፣ ዛሂር ውስጥ የአንድ ቤተሰብ ሾፌር ነበር፤ ራሕመት ደግሞ እዚያው ቤት ታበስላለች። ሁለቱም ወረቀታቸው የተሟላ ነው። ከፊሉን፣ ያስመጣቸውን አሠሪ፣ ለምነው አንድ ግቢ የገቡት በተጋቡ በስምንተኛው ዓመት ነው፤ ከዚያ በፊት እሱ ሪያድ፣ እሷ መካ ሆነው ትዳራቸው በስልክ ነበር። ሰገነት ላይ አንዲት ክፍል ተሰጥቷቸው ነበር። ራሕመት ቀኑን ሙሉ የሰው ቤት ስትወለውል ውላ ያቺን ክፍል ደግሞ እንደገና ትወለውላለች። «የራሴ ስለሆነ አይደክመኝም» ትላለች።

እኔ በባሕር የገባሁ ነኝ፤ ኢቃማ የሚባል ነገር የለኝም። ጂዳ፣ ሸረፊያ መንገድ ዳር ቆሜ የሚወስደኝን እጠብቃለሁ። ሲሚንቶም ይሁን ፍሪጅ፣ የተገኘውን እሸከማለሁ። ወሎ እያለሁ ግን ደረሳ፣ የሃይማኖት ተማሪ፣ ነበርኩ። ስድስት ዓመት ሙሉ ከሸኽ ሸኽ እየዞርኩ ኪታብ ቀርቻለሁ። ይህን የምናገረው ልመጻደቅ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ልመጻደቅም ነው። ሶፋ እያሸከመኝ «ያ ሐበሺ» እያለ የሚጠራኝን ሁሉ በልቤ «ዓረብኛውን እንኳ ካንተ ይልቅ እኔ አሳምሬ አነበዋለሁ» እለው ነበር።

በፈረንጆቹ 2013 መንግሥት ሙህላ ሰጠ። እስከተባለው ቀን ድረስ ወረቀትህን አስተካክል፣ ካልሆነልህ ውጣ ማለት ነው። በዚያ ሰሞን አንድ ሠራተኛ አቅራቢ አምስታችንን ጭኖ ጂዳ ወዳለ የመንግሥት ቤተ መጻሕፍት ወሰደን። መደርደሪያው ጢም ብሎ ሞልቶ አዲስ መጽሐፍ መግቢያ አጥቷል። ያለውን አጣርተው ሊቀንሱ ነበር። የእኛ ሥራ ሳጥን መሸከም ነው።

ማጣሪያውን የሚመሩት ኡስታዝ ረሺድ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ቀስ ብለው ይናገራሉ። ስለ እያንዳንዱ መጽሐፍ ሦስት ነገር ይጠይቃሉ፤ መጨረሻ የተዋሰው መቼ ነው? ሌላ ቅጂ አለው ወይ? ቢጠገን ይጠገናል ወይ? ከዚያ አረንጓዴ የተለጠፈበት ይቀራል፣ ቢጫ የተለጠፈበት መጋዘን ይወርዳል፣ ቀይ የተለጠፈበት ይወገዳል። የሚወገደው የመንግሥት ንብረት ስለሆነ ለማንም አይሰጥም። የአላህ ስም ስላለበት ደግሞ ቆሻሻ ላይ አይጣልም፤ በመኪና ተፈጭቶ ይጠፋል። ኡስታዝ ረሺድ ቀይ ከመለጠፋቸው በፊት ግን እያንዳንዱን አንድ ጊዜ ገለጥ ሳያደርጉ አያልፉም ነበር። ይህን በማየቴ ወደድኳቸው።

ሳጥኑን ሳስቀምጥ የመጻሕፍቱን ስም እያነበብኩ በየርዕሳቸው መደርደሬን አዩ። በነጋታው ከሸክም አውጥተው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። በሦስተኛው ቀን አንድ ሳጥን ገፋ አደረጉልኝ። ላዩ ላይ «ቋንቋቸው ያልታወቀ» ይላል።

«ከአንድ የመካ ሰው ውርስ የመጣ ነው። ፊደሉ የኛ ነው፤ ቃሉ ግን አይገባንም። የኢንዶኔዥያ፣ የጃዋ ሰው አስመጥተን አሳየነው፤ የኛ አይደለም አለ። እስቲ እየው» አሉኝ።

በቆዳ የተለበጠች ቀጭን ደብተር ናት። ገለጥኩና የመጀመሪያውን መስመር በልቤ አነበብኩ። ከዚያ ድምፄን አውጥቼ አነበብኩ፤

ከወሎ ወጣሁኝ ሐጅን ተመኝቼ፣
እናቴን ለአላህ አደራ ሰጥቼ።

አማርኛ ነው። በዓረብ ፊደል የተጻፈ የእኛ አማርኛ። እኛ ዘንድ ዐጀም ይባላል፤ ሸኾቻችን መንዙማውን የሚጽፉት እንዲህ ነው። እንባዬ መጣ። ኡስታዝ ረሺድ እንዳያዩብኝ አቧራ የገባብኝ መስዬ ዓይኔን አሸሁ።

የጻፈው ሰው የወረባቦው ሰይድ ይባላል። ለሐጅ መጥቶ መካ ውስጥ ቀርቷል። ከዘጠና ዓመት በላይ ሆኖታል። በመጨረሻው ገጽ ላይ እንዲህ ይላል፦ «ይህን ያነበበ ፋቲሃ ይቅራልኝ። እኔ በዚህ አገር ወገን የለኝም።» እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ልመና ዕዳ ነው፤ አንብበህ ሳትቀራለት አታልፍም። ያን ሁሉ ዓመት ማንም ማንበብ ስላልቻለ ለሰውየው የቀራለት አልነበረም። እዚያው ቁጭ ብዬ ቀራሁለት።

«ይቀራል ማለት ነው?» አልኳቸው።

«ኮሚቴው ረቡዕ ይሰበሰባል። ቋንቋውን የለየው ሰው ፎርም ሞልቶ መፈረም አለበት። ስም፣ የኢቃማ ቁጥር፣ ፊርማ። ያለዚያ ቁጥር አይሰጠውም፤ ቀይ ይለጠፍበታል» አሉና እጃቸውን ዘረጉ። «ኢቃማህ የታለ?»

አሁን ሳስበው ያን ጊዜ ማድረግ የምችለው ብዙ ነበር። ረሳሁት ብዬ መውጣት እችል ነበር። ደብተሩን ገጽ በገጽ በሞባይሌ ፎቶ አንስቼ ዝም ማለትም እችል ነበር። ነገር ግን በዚያ አገር በአምስት ዓመት ውስጥ «ይሄ ምንድን ነው? አንተ ንገረን» ብሎ የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው። ልቤ አበጠ። የሙራድን ኮፒ ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋቸው።

ፎቶውን አዩት፤ እኔን አዩኝ። ደጋግሞ ኮፒ በተደረገ ወረቀት ላይ የእኛ ፊት ሁሉ አንድ ነው፤ ጥቁር ነጠብጣብ።

«እዚህ ላይ የቤት ሾፌር ይላል» አሉ።

«ሾፌር ማንበብ አይችልም?» አልኩ ቆጣ ብዬ። አፍረው አቀረቀሩ። ከዚያ በገዛ እጄ የሙራድን ስም ጽፌ፣ ቁጥሩን ገልብጬ ፈረምኩ።

ኮሚቴው ተቀበለ። ደብተሯ ማኅተም ተመታባት፣ ቁጥር ተሰጣት፣ መስታወት ያለው ቁም ሣጥን ውስጥ ገባች። ኡስታዝ ረሺድ ወስደው አሳዩኝ። እንዲህ የተደሰትኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። ለሙራድም ለራሕመትም አልነገርኳቸውም። አንድ ቀን መካ ሄጄ በወግ እነግራቸዋለሁ እያልኩ አቆየሁት።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ ሙህላው አለቀ። መንገድ ላይ ማፈሱ ተጀመረ። ከከፊሉ ውጭ ለሌላ የሠራም ኢቃማ እያለው ይባረራል ተባለ። እኔ ከሌሎች ጋር ሸረፊያ አንድ ክፍል ውስጥ በር ዘግቼ ተቀመጥኩ። በአምስተኛው ቀን፣ ዙህር ሰግደን እንደጨረስን ራሕመት ደወለች።

«አሚን፣ ጂዳ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ምን አደረግክ?» አለችኝ። እንደ ሁልጊዜው አቆላምጣ አሚንዋ ብላ ሳትጠራኝ የመጀመሪያዋ ነው።

የሆነው እንዲህ ነው። ተቆጣጣሪዎች በዓመቱ የሠራ የውጭ ሰው ሁሉ ስም ይቅረብ ብለው ቤተ መጻሕፍቱን ጠይቀዋል። ኡስታዝ ረሺድ ሐቀኛ ሰው ናቸው፤ ፋይሉን እንዳለ ሰጥተዋል። ፋይሉ ውስጥ ሙራድ አለ፤ የመካ ከፊል ያለው፣ ጂዳ የሠራ ሙራድ። ከበር ላይ ነው የወሰዱት፤ መኪና እያጠበ።

ነገሩን ሁሉ ነገርኳት። ስለ ፎርሙ፣ ስለ ደብተሩ፣ ስለ ወረባቦው ሰይድ። እስክጨርስ ሰማችኝ።

«በሞባይልህ አታነሳውም ነበር?» አለች።



«በሞባይልህ አታነሳውም ነበር ወይ ወንድሜ? ስምንት ዓመት እኮ ነው የጠበቅነው። ስምንት ዓመት!» አለችና አለቀሰች። እህቴ ስታለቅስ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

«አንቺስ? አብረሽው ውጪ» አልኳት።

«ማዳም ውልሽን ሳትጨርሺ አለቅሽም ብላለች። ፓስፖርቴ እሷ ጋ ነው። ሁለት ዓመት ይቀረኛል።»

በዚያው ወጥቼ ቤተ መጻሕፍቱ ሄድኩ። ቢይዙኝም ይያዙኝ አልኩ፤ ደግሞ ያን ቀን ማንም አልያዘኝም። ኡስታዝ ረሺድ ሲያዩኝ ተነሡ።

«ፎርሙ ላይ ያለው ስም የእኔ አይደለም» አልኳቸው። «የእህቴ ባል ነው። እዚህ ረግጦ አያውቅም። ይህን ጻፉልኝ።»

መነጽራቸውን አወለቁ። ወንበራቸው ላይ ተመልሰው ተቀመጡ።

«ያነበብከውስ?»

«ያነበብኩት እውነት ነው።»

«ስሙ ውሸት ከሆነ ምስክርነቱ ይፈርሳል። ምስክርነቱ ከፈረሰ ቁጥሩ ይሰረዛል። እኔ የምጽፈው ደብዳቤ ደብተሩን ቀይ ከተለጠፈባቸው ጋር ይመልሰዋል።» ቀጥለውም «ኢቃማ ያለው፣ ይህን የሚያነብ ሌላ ሰው ታውቃለህ?» አሉኝ።

«የማውቃቸው ሁሉ እየተጫኑ ነው» አልኩ። «ይሰረዝ።»

ደብዳቤውን በእጃቸው ጻፉ። ከዚያ ደብተሩን አምጥተው ፊቴ አስቀመጡና ጀርባቸውን ሰጥተውኝ መስኮቱ ጋ ቆሙ። ራሕመት ያለችኝ ትዝ ብሎኝ ሞባይሌን አወጣሁ። መልሼ ኪሴ ከተትኩት። በእህቴ ትዳር የተገዛ ፎቶ ምን ያደርግልኛል? የመጨረሻውን ገጽ ገልጬ ለሰይድ አንድ ጊዜ ቀራሁለትና ዘጋሁት።

ሙራድን ያቆዩት ጂዳና መካ መሃል፣ ባሕራ የምትባለውን ከተማ አልፎ ባለው ማቆያ ነው። በሩ ላይ እጄን ሰጠሁ። መኮንኑ ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው አነበበው፤ ክፉ ሰው አልነበረም።

«ወረቀቱ ልክ ነው» አለኝ። «ግን ሰውየው ትናንት አሻራ ሰጥቷል። ኹሩጅ ኒሃኢ፤ ላይመለስ የሚወጣበት ማኅተም ተመቶለታል። ኸላስ፣ አይነሣም። አንተስ ኢቃማ አለህ?»

«የለኝም።»

«እንግዲያው ግባ።»

አዳራሹ ውስጥ ካርቶን አንጥፎ ተቀምጦ አገኘሁት። መኪና ሲያጥብ የለበሳትን ሸሚዝ ነው የለበሰው፤ እጅጌዋ እንደተጠቀለለ ነው።

«አንተም መጣህ?» አለኝ።

«ላስፈታህ ነው የመጣሁት፣ አያ ሙራድ።»

ሳቀ። ሳቁ ከስድብ ይልቅ አመመኝ።

«ጂዳ ሠርተሃል አሉኝ» አለ። «አልሠራሁም ብል ማን ሠራ ሊሉኝ ነው። ስለዚህ ሠርቻለሁ አልኳቸው።»

እግሩ ሥር ተደፍቼ አለቀስኩ። አላባበለኝም፤ አልገፋኝምም። ሳበቃ «እንዲያው ደብተሩ ላይ ምን ይላል?» አለኝ። ሁለቱን መስመር አልኩለት። «እናቴን ለአላህ አደራ ሰጥቼ» የሚለውን ደገመው።

«የት አለ አሁን?»

ሰርዘውታል አልኩ። ደብዳቤውንም፣ መኮንኑ ያለውንም ነገርኩት።

«ደብተሩ መሰረዙን ለራሕመት እንዳትነግራት» አለኝ። «መለያየታችን በከንቱ መሆኑን እሷ እንዳታውቅ። እሱንስ እንኳ አትረፍላት።»

ስልክ ደወልኩላት። ወደ ጂዳ አየር ማረፊያ የሚወስደን አውቶቡስ ውጭ ቆሟል፤ ስማችንን እየጠሩ ነው። መጀመሪያ ስለ ሙራድ ጠየቀችኝ፤ አጠገቤ ነው፣ ደህና ነው አልኳት።

«ደብተሩስ?» አለች። «ደብተሩስ ተረፈ?»

«ተረፈ።»

«ወላሂ በል።»

«ወላሂ።»

«እሺ። እሱስ ይትረፍ» አለች። ድምፅዋ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው፤ ሰገነት ላይ ያለችው ክፍል ውስጥ ሆና ነው መሰለኝ። «ከእንግዲህ እኔ በዚህ አገር ወገን የለኝም፣ አሚንዋ።»

የሰይድን ደብተር በዓይኗ አላየችውም። የመጨረሻውን ገጽም ለማንም አንብቤ አላውቅም። ያለችው ቃል ግን የሰይድ ቃል ነው። ስልኩን ለሙራድ ሰጠሁት።