የተዘለለው ቅያስ

«ወጣቶች! ነገ የምርጫ ቀን ነው! ካርዳችሁን ይዛችሁ ከጠዋቱ አስራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ውጡ! እናንተ ካልመረጣችሁ ሌላው ይመርጥላችኋል! ደግሞም ልብ በሉ፣ የምርጫ ጣቢያችሁ...»

ጡሩምባው የሚባለው ለፋፊ እዚህ ላይ ሲደርስ ማይኩን ቀጭ አድርጎ ዘጋው። አምስተኛው ቅያስ ጋ ደርሶ ነበር። ጣሪያዋ ላይ ሁለት የድምፅ ማጉያ የታሰረባት አሮጌ ፒካፕ ጭጭ ብላ በቅያሱ አፍ አለፈች። ሁለት መታጠፊያ ከራቀ በኋላ ማይኩን መልሶ ከፈተና ያቋረጠውን ነገር ካቆመበት ቀጠለ።

«...ወደ አሮጌው የእህል መጋዘን ተዛውሯል! ትምህርት ቤቱ አይደለም! መጋዘኑ ነው!»

አምስተኛው ቅያስ የራሱ ሰፈር ነው። ከመግቢያው አራተኛው ቤት፣ ሰማያዊ በር ያለው፣ የእሱ ነው። የቅያሱ አፍ ላይ ያለው ብረታ ብረት ቤት ቀኑን ሙሉ ሲደበድብ ስለሚውል ውጭ የተነገረ ነገር ወደ ውስጥ አይዘልቅም። ጡሩምባው ይህንንም አስቦበታል።

ጡሩምባው እናትና አባቱ ያወጡለት ስም አይደለም። ሃያ ዓመት ሙሉ ውሃ ሲቋረጥ፣ ልጅ ሲጠፋ፣ ክትባት ሲመጣ፣ የልብስ ዋጋ ሲቀንስ ከተማው የሚሰማው በእሱ ጉሮሮ ነው። ሚስቱ በሕይወት ሳለች «ቤት ውስጥ ጨው አቀብዪኝ ሲለኝ ሦስት ጎረቤት ጨው ይዞ ይመጣል» እያለች ትስቅበት ነበር። ዛሬ ያንን ጉሮሮ የቀጠረው የምርጫው ጽሕፈት ቤት ነው። ንፋስ የትምህርት ቤቱን ጣሪያ ትናንት ገንጥሎ ስለጣለው ምርጫ ጣቢያው በአንድ ቀን ውስጥ መዛወር ነበረበት። አስተባባሪዋ፣ ዓይኗ ከእንቅልፍ ማጣት የቀላ ወጣት ሴት፣ ጠዋት የጣቢያው መዛወርና የስድስት ቅያሶች ዝርዝር የሰፈረበት ወረቀት ሰጠችው።

«ጋሼ፣ ካርዳቸው ላይ የተጻፈው ትምህርት ቤቱ ነው» አለችው። «የስልክ መልእክት ልከን ነበር፤ ለብዙዎቹ አልደረሰም። እርስዎ ካልነገሯቸው አያውቁም። እያንዳንዱን ቅያስ ሲጨርሱ ምልክት ያድርጉበት።»

ምልክቱን አድርጓል። አምስተኛው ላይ ግን ያደረገው ሳይገባበት ነው።

ለዚህ ያደረሰው ፍርሃት ነው እንጂ ክፋት አይደለም። ያለፈው ምርጫ ጊዜም ወጣቱን «ውጡ!» ብሎ የጠራው እሱ ነበር። የእህቱ ልጅ ያኔ አስራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ «ጋሼ፣ ያንተን ድምፅ ሰምቼ እንዴት እቀራለሁ?» ብሎ፣ ሸሚዙን ተኩሶ፣ እየሳቀ ሄደ። እኩለ ቀን ላይ አንድ ዓይኑን አጥቶ ተመለሰ። ግርግር ተነሣ፣ ድንጋይ ተወረወረ፣ መስኮት ረገፈ ተባለ። ከዚያ በላይ ጡሩምባው አልጠየቀም፤ መልሱን ፈራው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባል የለ፤ እሱ ደግሞ የአፉ ዕዳ የሰው ዓይን ነው ብሎ አምኖ ተቀመጠ።

አሁን አስራ ዘጠኝ ዓመት የሞላት የገዛ ልጁ ናት። አንድያ ልጁ። እሷ ደግሞ ለራሷ መምረጥ አልበቃ ብሏት የቅያሱን ወጣቶች ቤት ለቤት እየዞረች ካርድ አስወጥታቸዋለች። «ምን ይለወጣል ብለሽ ነው?» ያላትን አልተወችም፣ «ሥራ አለብኝ» ያላትን አልተወችም፤ አባቷንም ጎትታ ወስዳ አስመዝግባዋለች። ካርዱ በፒካፗ ኪስ ውስጥ፣ ከጎማ መፍቻው ጋር ተቀምጧል።

የጡሩምባው ሐሳብ ቀላል ነበር። ነገ ማለዳ ትምህርት ቤቱ ድረስ ይሄዳሉ፤ በሩ ተቆልፎ ያገኙታል፤ ትንሽ ይቆሙና ተሰላችተው ይመለሳሉ። ልጁ ሁለት ዓይኗን ይዛ ቤቷ ትገባለች። ትቆጣው፤ ዕድሜ ልኳን ትቆጣው።

ለምሳ ቤት ሲገባ ሸሚዝ እየተኮሰች አገኛት።

«አባዬ፣ መኪናዋስ?» አለችው ከካውያው ቀና ሳትል።

«ዋናው መንገድ ላይ አቆምኳት።»

«ዛሬ ወደኛ ቅያስ ሳትገባ ቀረህ እኮ። ልጆቹ ሳቁብኝ። አባትሽ ከተማውን ሁሉ እየጠራ እኛን ናቀን ወይ አሉኝ።»

«ለቱቦ ተቆፍሮ የለም እንዴ? ጎማዋ ጉድጓድ እንዲገባ ነው?»

«ጠዋት የውሃ ቦቴ ገብቶ ወጥቷል።»

«ቦቴ ቦቴ ነው፤ የእኔ ጎማ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሳስቷል» አለና እጁን ሊታጠብ ፊቱን አዞረ። ፊቱን ማሳየት አልፈለገም። «ነገ ስንት ሰዓት ነው የምትወጡት?»

«አስራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ በሩ ላይ እንገኛለን። ከእኔ ጋር አስር ነን። ማንም ሳይቀድመን ከፊት እንሰለፋለን።»

«ከፊት ምን ያደርግላችኋል?»

«ቶሎ መርጠን ቶሎ እንድንመለስ ነዋ! ማልዳችሁ ውጡ እያልክ የምትጮኸው አንተው አይደለህ?»

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። የቀረበለትን ምግብ ነካ ነካ አደረገና ተወው።

«ለዘንድሮ ብትቀሪስ?» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ዝቅ ያለው ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት።

ልጅቱ ካውያውን አቆመችው። «ለሰው ልጅ ውጣ እያልክ ለልጅህ ቅሪ ትላለህ?»

«ለሰው ልጅ የምለው ተከፍሎኝ ነው።»

ቃሉ ከአፉ እንደወጣ አፈረ። ልጁ ሸሚዙን ገልብጣ እጅጌውን መተኮስ ጀመረች።

«ለእኔ ግን ማንም አልከፈለኝም» አለች።

ከቤት ሲወጣ ከተማው ከወትሮው ጸጥ ብሎ ነበር፤ ወይም ለእሱ እንዲያ መሰለው። ባለሱቆች በራቸውን ገርበብ አድርገው ዳቦና ሻማ በገፍ ይሸጣሉ። አደባባዩ ላይ አንድ የፖሊስ መኪና ቆሟል፤ ፖሊሶቹ ጥላ ሥር ተቀምጠው ሙዝ እየላጡ ይበላሉ። ሙዝ የሚበላ ፖሊስ ምን ያስፈራል? ጡሩምባውን ግን አስፈራው። እባብ ያየ በልጥ በረየ። ወደ እነሱ ሲመለከት ማይኩ ከእጁ አምልጦት መኪናዋ ወለል ላይ ወደቀ፤ አንስቶ ቢሞክረው ድምፅ የለውም። ገመዱ ከሥሩ ተበጥሷል።

ከተማው ውስጥ እንዲህ ያለውን የሚጠግነው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የእህቱ ልጅ። ጡሩምባው ሌላ ጠጋኝ ቢኖር ወደ ሌላ በሄደ ነበር።

የእህቱ ልጅ አንድ ሰው ብቻ በምትይዝ የቆርቆሮ ኪዮስክ ውስጥ ስልክ ይጠግናል። ማጉያ መነጽሩን ደህናው ዓይኑ ላይ አጥብቆ፣ ደንበኛ ሲያዝንለት «ለዚህ ሥራ አንድ ዓይን ይበቃል፤ ሁለተኛው ትርፍ ነበር» እያለ ያስቃል። ጡሩምባው ግን ይህን ቀልድ ሰምቶ ስቆ አያውቅም።

«ጋሼ! ጉሮሮህ ታመመ?» አለና ማይኩን ተቀበለው። «ገመዱን የምጠቀልልበት ወረቀት ስጠኝ እስቲ፤ የማይኩ ቆርቆሮ እንዳይነካው።»

ጡሩምባው ሐሳቡ ሌላ ቦታ ስለነበር ከደረት ኪሱ ያገኘውን ወረቀት አቀበለው። የእህቱ ልጅ ሊያጥፈው ሲል ዓይኑ ጽሑፉ ላይ አረፈ። አነበበ። ደግሞ አነበበ።

«ምርጫ ጣቢያችን ተዛውሯል?»

ጡሩምባው ወረቀቱን ሊመልስ እጁን ዘረጋ።

«አምስተኛው ቅያስ ላይ ምልክት አለ። እኔ ደግሞ እስከ አራት ሰዓት እዚያው፣ ተከራይቼ የምኖርበት ቤት ነበርኩ። አልሰማሁህም።»

«አልገባሁም» አለ ጡሩምባው።

«ለምን?»

«ለምን ትለኛለህ? አንተ? አንድ ልጅ ናት ያለችኝ! ተዘግቶ ካገኙት ይመለሳሉ ብዬ ነው። ቢበዛ ያዝናሉ። በማዘን የሞተ የለም።» ድምፁ ተሰበረበት። «ያኔ አንተን የጠራሁህ እኔ ነኝ። ፊትህን ባየሁ ቁጥር የማየው ያንን ነው። እሷንም እንደዚያ ላያት አልችልም፣ አልችልም በቃ።»

የእህቱ ልጅ ማጉያ መነጽሩን አወለቀ። የብየዳ ካውያውን ከማሞቂያው ላይ አነሣና መልሶ አስቀመጠ።

«ያን ቀን እንዴት እንደተጀመረ ጠይቀኸኝ አታውቅም።»

«ፈርቼ ነው።»

«ልንገርህ። በሩ ነው። ከፊት ቆሜ ነበር። ሰዓቱ ደረሰ፣ በሩ አልተከፈተም። ቁልፍ የያዘው ሰውዬ መኪና ተበላሽቶበት ዘግይቶ ነው፤ ይህን የሰማነው በኋላ ሆስፒታል ነው። ያኔ የነገረን ሰው አልነበረም። አንዱ ከኋላ ‹ድምፃችን ተሰረቀ!› አለ። ሌላው በሩን ገፋ። ከዚያ ድንጋዩ መጣ።» ማይኩን ወደ ራሱ ሳበ። «አዎ፣ የጠራኸኝ አንተ ነህ። ይህን አልክድም። ዓይኔን ያጠፋው ግን የተዘጋ በርና የሚናገር ሰው መጥፋት ነው። አንተ ደግሞ ነገ የቅያሱን ልጆች የተዘጋ በር ፊት ልታቆም ነው። ልጅህን ከፊት።»

ጡሩምባው የኪዮስኳን ጠርዝ ያዘ። ሲያስበው የዋለው ነገር ሁሉ ተገልብጦ ፊቱ ቆመ፤ የተቆለፈው በር፣ አዲስ የተተኮሰው ሸሚዝ፣ ከኋላ የሚጮኸው ሰው። ይህንን ያሰናዳው ማን ነው? እሱ ነው። በገዛ እጁ፣ ምልክት አድርጎበት።

«እኔ ደግሞ እስከ ዛሬ መርጬ አላውቅም» አለ የእህቱ ልጅ ሥራውን እየቀጠለ። «ወረቀቱ እጄ ሳይገባ ነው ተሸክመው ያወጡኝ። ነገ እመርጣለሁ ብዬ ካርዴን ከትራሴ ሥር አድርጌ ነው የምተኛው። ትምህርት ቤት ልትሰደኝ ነበር፤ አይ ጋሼ!» ማይኩንና ወረቀቱን አቀበለው። «ይኸው ተሠርቷል። ማስታወቂያ የሚፈቀደው እስከ አስራ ሁለት ሰዓት ነው አይደል? አንድ ሰዓት ይቀርሃል።»

መኪናዋ ውስጥ ሲገባ ስልኩ ጮኸ። አስተባባሪዋ ናት።

«ጋሼ፣ ስድስቱንም ጨረሱ?»

ጡሩምባው ወረቀቱን ጭኑ ላይ ዘርግቶ አየው። እስክሪብቶ አወጣና አምስተኛው ላይ ያለውን ምልክት ሠረዘው።

«አንድ ይቀረኛል፤ አምስተኛው» አለ።

«እሱንማ ቀደም ሲል ጨርሻለሁ ብለውኝ አልነበር?»

«ዋሽቼሽ ነው። አሁን ልገባበት ነው።»

የቅያሱ አፍ ላይ ሲደርስ ብረት ደብዳቢው መዶሻውን አንሥቶ ነበር። ጡሩምባው መኪናዋን አቁሞ «እባክህ ለአምስት ደቂቃ» አለው። ሰውዬው መዶሻውን አወረደ። ቅያሱ ጸጥ አለ። ጡሩምባው ማይኩን ከፈተ።

«ወጣቶች...» አለ፤ አልሄድ አለው። ሃያ ዓመት ያልከዳውን ጉሮሮውን ጠራርጎ ደግሞ ሞከረ። አልሄድ አለው።

«ልጄ!» አለ በመጨረሻ። «ልጄ፣ ትምህርት ቤቱ አይደለም። ትምህርት ቤቱ ተዘግቷል፤ ጣሪያው ወድቆ ነው፣ ሌላ ምንም የለበትም። የምትመርጡት ድልድዩን ተሻግሮ ባለው በአሮጌው የእህል መጋዘን ነው። ልጄ፣ ሰምተሻል?»

በሮች መከፈት ጀመሩ። የጠራው አንድ ልጁን ቢሆንም ከየቤቱ ብቅ ያለው ወጣት ሁሉ የተጠራው እሱ ይመስል ወደ መኪናዋ መጣ። ሰማያዊው በር ተከፍቶ ልጁ ወጣች። ሁሉንም ሰምታለች። የመኪናዋ መስኮት ድረስ መጥታ ቆመች።

«ተቆፍሯል አላልከኝም?»

«ዋሽቼሽ ነው።»

«ለምን አባዬ?»

«ፈርቼ ነው» አለ። «ዛሬም ፈርቻለሁ።»

ማይኩን አልዘጋውም ነበር። ፈርቻለሁ የሚለው ቃል ከጣሪያው ላይ ወጥቶ በቅያሱ ሙሉ ተሰማ። ጡሩምባው ደንግጦ ቀጭ አደረገው። የሳቀ ሰው ግን አልነበረም፤ ከልጆቹ አንዱ ብቻ ዝቅ ባለ ድምፅ «እኔም» አለ።

ልጁ እጇን በመስኮቱ አስገብታ እጁን ያዘችው። ከዚያ ወደ ጓደኞቿ ዞራ መጋዘኑ ሩቅ ስለሆነ በአስራ አንድ ሰዓት መነሣት እንዳለባቸው፣ ማን ማንን እንደሚቀሰቅስ መደልደል ጀመረች። ጡሩምባው ጥቂት ሰማና ከመኪናዋ ኪስ፣ ከጎማ መፍቻው ሥር፣ ካርዱን አወጣ።

«ነገ ከፊት የምቆመው እኔ ነኝ» አላት። «አንቺ ከኋላዬ ትሆኛለሽ።»

«ሰልፍ እኮ እንደ አመጣጥ ነው አባዬ።»

«እንግዲያው ቀድሜሽ እመጣለሁ።»