ጎሚስታው ደጃፍ የተቀመጡት ሁለት ሴቶች

መሥሪያ ቤቱ ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ ለሁሉም «እትዬ መቀስ» ናት። ጋዜጣ በወረቀት ብቻ በሚወጣበት ዘመን እየቆረጠች በዶሴ የምታስቀምጠው እሷ ነበረች። መቀሷ ከእጇ ስለማይለይ ቅጽል ስሙ ተለጠፈባትና በዚያው ቀረ። አሁን ሁሉም ነገር ኮምፒውተር ላይ ስለሆነ መቀሱ የብስኩት መክፈቻ ሆኗል፤ ሥራዋ ግን ያው ነው። አንድ ድርጅት ስለ አንድ ጉዳይ ጋዜጣው፣ ሬዲዮውና ቴሌቪዥኑ ምን እንዳሉ ማወቅ ሲፈልግ ወደ እነሱ መሥሪያ ቤት ይመጣል። እሷ ታነባለች፣ ትሰማለች፣ ታያለች፤ ከዚያ ማን ምን እንዳለ አነጻጽራ ትጽፋለች። የሰውን ወሬ ሁሉ መስማት እንጀራ ሲሆን እንዴት እንደሚያደክም እሷን ነው መጠየቅ።

የከተማው ትልቁ ማራቶን በተካሄደ ማግስት፣ ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ፣ ሥራ አስኪያጁ መጣ። ልጅ እግር ነው፤ ትሑት ነው፤ ትሕትናው ግን ሁልጊዜ ሥራ ተሸክሞ ነው የሚመጣው።

«እትዬ፣ የውሃ ፋብሪካው ሰዎች ቸኩለዋል። ትናንት ማራቶኑን አቋርጠው ስለወጡት ተዋናይና ኳስ ተጫዋች ሚዲያው ያለውን አነጻጽሩልን ብለዋል። ለሚቀጥለው ዓመት ማስታወቂያ የማንን ፊት እንደሚለጥፉ በዚያ ነው የሚወስኑት።»

«ፊት ለመምረጥ እግር ያያሉ?» አለችው።

እሱ ሳቀ፤ እሷ አልሳቀችም። እሑዱን ቤታቸው እንግዳ ሲገባና ሲወጣ ስለዋለ ወገቧ ገና አልተፍታታም። አውቶቡስ ነጂዋ ታናሽ እህቷ ያንኑ ማራቶን ሮጣ፣ «ጨረስኩ» ብላ በስልክ በተናገረች ቅጽበት እናታቸው ሰፈሩን በአንድ እግሩ አቁመውት ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ እንኳን ደስ አላችሁ ሊል ሲጎርፍ ባለ ድሏ ሶፋው ላይ ተጋድማ ዓይኗን ጨፍናለች። «ሜዳልያሽስ?» ሲሏት «አልቆባቸው ነው» አለች። ደክሟት ነው ብለው ተዋት።

መቀስ ሥራውን ጀመረች። ኳስ ተጫዋቹ ጫማ ከሰቀለ ቆይቷል። መንገድ ላይ አንድ ድልድይ ጋ ሲደርስ ጉልበቱን ይዞ ቆመ፤ መኪና መጥቶ ወሰደው። «ጉልበቱ ከዳው፣ ልቡ ግን አልከዳውም» አለ አንዱ ጋዜጣ። ሌላው «ወኔ ማለት ይህ ነው!» ብሎ በትልቁ ጻፈ። ተዋናይዋም ከድልድዩ ብዙም ሳትርቅ ከአንድ ጎሚስታ ደጃፍ ተቀመጠች፤ በዚያው አቋረጠች። ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና የተነሳችው ፎቶ ያልገባበት ቦታ የለም። «እንባዋን መቆጣጠር አቃታት» አለ ስለ ልብ የጻፈው ያው ጋዜጣ። «ለካሜራ የተጀመረ ሩጫ ካሜራ ፊት አበቃ» አለ ባለ ወኔው። አንድ ድረ ገጽ ከባሏ ጋር ተጣልታ ነው ሲል፣ ሌላው የለም አርግዛ ነው አለ። የጠዋቱ ሬዲዮ አዘጋጅ ደግሞ ነገሩን እያነሳ ከባልደረባው ጋር ሲንከተከት፣ መቀስ ሳቁ እስኪያልቅ አገጯን በእጇ ደግፋ ጠበቀች። ውድድሩን ያሸነፈችው ሴት በየገጹ ግርጌ፣ ስሟ በየጋዜጣው በተለያየ ፊደል ተጽፎ ተገኘች።

ከሰዓት በኋላ አንድ ነገር ዓይኗን ያዘው። በየጋዜጣው ላይ ያለው ፎቶ ከዳር ተቆርጧል፤ ከተቆረጠበት በኩል የሰው እግር ትንሽ ብቅ ብሏል። ቢጫ ካልሲ፣ ጫማው የወለቀ። መቀስ ፎቶውን ስታሰፋው ተረከዙ ላይ በቀይ ክር የተጠገነ ቦታ ታየ። ቢጫ ክር አጥታ በቀይ የጠገነችው እሷ ራሷ ነበረች።

አንድ የሰፈር ሬዲዮ ድረ ገጹ ላይ ፎቶውን ሳይቆርጥ እንዳለ ለጥፎት አገኘች። ከተዋናይዋ ጎን፣ የአሮጌ ጎማ ክምር ተደግፋ፣ ቁጥሯ ደረቷ ላይ እንደተለጠፈ፣ እህቷ ቁጭ ብላለች። ለምን እንደሆነ ሳታውቅ መቀስ መጀመሪያ ያደረገችው ማንም እንዳያይ ፎቶውን መዝጋት ነበር።

ከሥራ እንደወጣች አውቶቡሶቹ ወደሚያድሩበት ግቢ ሄደች። እህቷ ባዶ አውቶቡስ ውስጥ የነጂው ወንበር ላይ ተቀምጣ መስተዋቱን ትወለውላለች። መቀስ ፎቶውን ከፍታ ስልኳን ዘረጋችላት።

እህትየው አየችው። ከዚያ፣ «ካልሲውን ማውለቅ ነበረብኝ» አለች።

«የታባሽንና! ሰፈሩ ሁሉ እኮ አጨበጨበልሽ!»

«እትዬ፣ ልዋሽ ብዬ አይደለም። እማዬ ደውላ ‹ጨረስሽ?› አለችኝ። ‹ጨረስኩ› አልኳት። ያለኝን ሁሉ ጨርሼ ነበራ! መተንፈስ እንኳ አቅቶኝ ነበር። ላስረዳት ስል እልልታዋን አቀለጠችው፤ ከዚያ በኋላ እንዴት አድርጌ ላስቁማት?»

መቀስ እግሯ ስለዛለ ከእህቷ ጀርባ ያለው የተሳፋሪ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ወቀሳ ይዛ ነበር የመጣችው፤ መንገድ ላይ የሆነ ቦታ ጠፍቶባታል።

«ተዋናይዋስ? ለምን ነበር የምታለቅሰው?»

«ማን አለቀሰ? ሳቅ ነው እንጂ! መጀመሪያ እኔ ነኝ የተቀመጥኩት። እሷ መጥታ ‹እዚህ ሰው አለው?› አለችኝ፤ መሬቱን እኮ ነው! ‹ኧረ ግቢ፣ ሰፊ ነው› አልኳት። ‹እግሬስ ይሁን፤ ከጠዋት ጀምሮ ፈገግ ስል መንጋጋዬ አለቀ› አለችኝ። ‹እኔም አንድ ዓመት ሙሉ በር ዝጉ፣ ወደ ውስጥ ግቡ ስል ከርሜ ነው የመጣሁት› አልኳት። ከዚያ ሳቅ ያዘን፤ የደከመው ሰው ሳቅ ታውቂው የለ፣ ማቆሚያ የለውም። ፎቶ የሚያነሳው የዚያን ጊዜ ነው የመጣው።»

«ምን ሆና አቋረጠች ታዲያ?»

«ደክሟት ነዋ።»

መቀስ ከጠዋት ጀምሮ ያነበበችውን ሁሉ በሐሳቧ ገልበጥ ገልበጥ አደረገች። ጸብ፣ እርግዝና፣ ኩራት፣ እንባ፣ ሁሉም አለ። ደክሟት ነው ያለ አንድም የለም።

በማግሥቱ ማነጻጸሪያዋን ጽፋ ስትጨርስ ከታች አንድ አንቀጽ ጨመረች፦ ተዋናይዋ ያቋረጠችው ደክሟት ነው፤ ፎቶው ላይም ስትስቅ እንጂ ስታለቅስ አልነበረም፤ ይህን ያለችው አጠገቧ የነበረች ሯጭ ናት። ሥራ አስኪያጁ አንብቦ ጭንቅላቱን አከከ።

«እትዬ፣ ይቺን እናውጣት። ሚዲያ ላይ አልወጣችም።»

«እውነት ናት እኮ።»

«እሱማ ይሆናል። እኛ ግን የምንለካው የተባለውን ነው እንጂ የሆነውን አይደለም።»

ክፉ ልጅ አለመሆኑ ነው የባሰ ያደከማት። ሌላ ቀን ቢሆን ትሟገተው ነበር። አንቀጿን አወጣችና በቦታዋ ማንም ሊከሳት የማይችለውን አስገባች፤ አንዱ ጋዜጣ ስለ ሁለቱ የተጠቀመባቸውን ቃላት ጎን ለጎን አሰለፈቻቸው፤ ለእሱ «ቆመ»፣ ለእሷ «ተሸነፈች»፤ ለእሱ «ሕመም»፣ ለእሷ «ለቅሶ»። ሥራ አስኪያጁ ያንን ሳይነካ ላከው። መልሱ ሳይውል ሳያድር መጣ። የውሃ ፋብሪካው ሰዎች በጣም ጥሩ ሥራ ነው ብለው አመሰገኑ፤ የመረጡትም ኳስ ተጫዋቹን ነው።

የዚያን ዕለት ወደ ማታ እህትየው እንደገባች፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ለእናቷ ነገረቻቸው። እናትየው የሚታጠፍ ልብስ ጭናቸው ላይ ይዘው ነበር።

«እማዬ፣ ማራቶኑን አልጨረስኩም። መንገድ ላይ ደክሞኝ ተቀመጥኩ።»

እናትየው አንዷን፣ ከዚያ ሌላዋን አዩ። «አንቺም ታውቂ ነበር?» አሉ ትልቋን።

«ትናንት ነው ያወቅሁት።»

«ታዲያ እኔ አሁን ምን ይዋጠኝ? ከላይ ሰፈር እስከ ታች ሰፈር ጨረሰች ብዬ! አንቺ ስለደከመሽ እኔ ቀጣፊ ልባል?» እጥፉን ልብስ መልሰው ዘረጉት። ድምፃቸው ግን ዝቅ አለ። «ለመሆኑ የወደቅሽበት፣ የተጎዳሽበት ቦታ የለም?»

«የለም እማዬ።»

«እንኳንም ተቀመጥሽ» አሉና አኮረፉ።

ይህን ሲባባሉ ጎረቤታቸው ያልተዘጋውን በር ገፋ አድርጋ ገባች፤ ወሬው ከመንገድ ተሰምቷታል። መቀስ ነገሩ እንዳይጋነን ብላ ፎቶውን አሳየቻት። ጎረቤትየዋ ዓይኗን አጥብባ ስታይ ቆየችና፣ «ውይ! ይቺ የቴሌቪዥኗ አይደለችም እንዴ? በአካል ስትታይ እንዴት ናት? ቀጭን ናት?» አለች። ስለ ማራቶኑ አንዲት ቃል አልወጣትም።

እናትየው ቀና አሉ። ስልኩን ከእጇ ተቀብለው አዩት። «አብረው ነበር የተቀመጡት» አሉ ቀስ ብለው። «ሲጨዋወቱም ነበር።»

መቀስ ጓዳ ገብታ አልጋዋ ላይ ጋደም አለች። ሳሎኑ ውስጥ ሌላ ጎረቤት ገባ፤ ወንበር ሲጎተት ተሰማ። እህቷ መጥታ ከግርጌዋ ተቀመጠችና ካልሲዋን ማውለቅ ጀመረች። በግድግዳው በኩል የእናታቸው ድምፅ እየሞቀ ይመጣል።

«ምስኪን፣ እንባ በእንባ ሆና ነው ያገኘቻት! እዚያ ሁሉ ሰው መሀል የደረሰላት የኔ ልጅ ብቻ ናት! ልጄማ ትጨርስ ነበር፣ እሷን ጥላ መሄድ አንጀቷ አልችል ብሎ ነው እንጂ...»

እህትየው ካልሲዋን እንደያዘች ቀረች። «እትዬ፣ ኧረ ሂጂና አርሚያት!»

መቀስ በክርኗ ደገፍ ብላ ከወገቧ ቀና አለች። የእናቷ ወሬ ከጋዜጦቹ ወሬ በምን እንደሚለይ ለቅጽበት አሰበችና መልሳ ጋደም አለች።

«አንቺ ሂጂ» አለች፤ «እኔ ደክሞኛል።»